የብርጭቆ ሠርግ

ካርቱም፣ መስከረም 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኢሳ፣
ባቲ

አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎም እትዬ ዘሃራም እንዴት ከረማችሁ? ጉልበቷ በክረምቱ አልጠናባትም? አሏህ ጤናንና ዕድሜን አጣምሮ ይስጣችሁ፤ አንዱን ብቻ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል እዚህ ብዙ አይቻለሁ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የካርቱም ሙቀት ጋብ ብሏል፤ ይህም ማለት ከምድጃው ውስጥ ወጥተን ምድጃው ዳር ተቀምጠናል። ለጣሪያው የጠየቁኝን ሃያ ቆርቆሮ አልረሳሁትም። የዘገየው በመርሳት እንዳልሆነ ብቻ ይወቁልኝ።

ዛሬ የምጽፈው በመረዳጃ ማኅበራችን ጉዳይ ነው። ባለፈው እንደነገርኩዎት ማዮ በሚባለው ሰፈር አንድ ሰፊ የጭቃ ክፍል ተከራይተናል። ሥራ ያጣች፣ የታመመች፣ ከአሠሪዋ ተጣልታ ሻንጣዋን ይዛ የወጣች ሴት ሌላ ቤት እስክታገኝ የምታርፍበት ነው። አሁን ስድስት ሴቶች አሉበት። ጎህ ሲቀድ ውሃ ሻጩ የአህያ ጋሪውን አቁሞ በርሜሉን በዱላ ይደበድባል። ያኔ ስድስቱም እኩል ብድግ ይላሉ፤ ቀዳዳ የሌለው ጀሪካን አንድ ብቻ ስለሆነ ቀድማ የደረሰች ትይዘዋለች። ከዚህ በቀር ሰላም የሰፈነበት ቤት ነው።

የቤቱ ባለቤት ሐጃ ሉጥፊያ የሚባሉ ሱዳናዊት ናቸው። ከዐረፋ በኋላ አንድ ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ። ለድግሱ ገንዘብ ስለሚያስፈልጋቸው የዓመት ኪራይ ባንድ ጊዜ አምጡ ብለውናል። እስከ ጥር መጨረሻ ካላመጣን ክፍሉን መጋዘን ሊያደርገው የሚፈልግ የሽንኩርት ነጋዴ አለ፤ የዓመቱን በእጁ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለን ነበር!

ስለዚህ ሐፍላ፣ ማለት ድግስ፣ አዘጋጅተን ገንዘብ ልናሰባስብ ወስነናል። ምግብ ይሸጣል፣ ጨረታ ይኖራል፣ ንግግር ይደረጋል። ንግግሩን የምታነበው ሊቀመንበራችን ብርቅነሽ ናት። የጎንደር ሰው ናት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፣ ድምፅዋ ደግሞ ማይክራፎን አያሻውም። የጎደለን ራሱ ንግግሩ ነው። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ከሰው ኪስ ገንዘብ የሚያስወጣው ምን ቃል እንደሆነ ያውቃልና፣ አጎቴ፣ እባክዎን ይጻፉልን።

እትዬ ዘሃራን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሬሕማ

*

ባቲ፣ ኅዳር 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ፣
ካርቱም

ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለማቅረብና የተጠየቀውን ንግግር ስለመላክ

ወዐለይኩም ሰላም። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ሰላም እልሻለሁ። አክስትሽ «ለልጅህ ስትጽፍ እንኳ ጉዳዩ ትላለህ?» እያለች ትስቅብኛለች። እጄ ሌላ መንገድ አያውቅም። ሚስቴን ሳጭ ለአባቷ የጻፍኩትን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ደብቃ ይዛዋለች፤ በግልባጭ ለማን እንዳሳወቅሁ ሰው ሲመጣ ታነብብለታለች። ፊደል አታውቅም፣ በቃሏ ነው።

ንግግሩ አብሮ ተልኳል። መግቢያው እንዲህ ነው፦ «የተከበራችሁ እንግዶች! ቤት ማለት አራት ግድግዳ አይደለም የሚሉ ሰዎች ሁሉ ቤት ያላቸው ናቸው። እኛ የምንለምነው አራቱን ግድግዳ ነው። ፍቅሩን፣ ሳቁንና ትዝታውን ራሳችን ይዘን እንገባለን።» እዚህ ላይ ብርቅነሽ ትንሽ ዝም ትበል። ዳኛ ፊት ዝምታ ከአንቀጽ ይበልጣል።

ምግቡን በተመለከተ ሁለት ፍየል እረዱ። ሥጋ የሸተተው ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ አያቆይም።

ቆርቆሮው አሥራ ሁለት ቢሆንም ይበቃል። ሃያ ያልኩት በፍርድ ቤት ልማድ ነው፤ ሃያ ተጠይቆ አሥራ ሁለት ይፈረዳል።

ዐማራት ሰፈር ያለችው እመቤትሽስ፣ የዶክተሩ ሚስት፣ ያቺ ከልጆቿ በፊት ድመቷን ምሳ የምትጠራው፣ ደህና ናት? በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለሷ አንድ መስመር አጣሁ። እኔና አክስትሽ ያቺን ድመት እንደ ዘመድ ነው የምንጠይቃት።

አጎትሽ ኢሳ

*

ካርቱም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ረመዷን ሙባረክ። ይህ ሲደርስዎ ዒድ አልፎ ይሆናልና እንኳን አደረሳችሁ ደግሞ ከወዲሁ። አሏህ ጾማችሁን ይቀበል፤ የእኔንም፣ ንዴቴን ቀንሶ።

ንግግሩ ደርሶናል። ብርቅነሽ ለልምምድ ስታነበው ውሃ ሻጩ አህያውን አቁሞ አዳመጠ። አማርኛ አይሰማም፤ ግን በዚያን ቀን ጀሪካኑን በነፃ ሞላ። ጥሩ ምልክት ነው ብለናል።

ፍየሎቹን ትተናቸዋል። ነገሩ እንዲህ ሆነ። የማኅበራችን ግማሽ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ ግማሹ የክርስቲያን። ሁለት ፍየል፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ይሁን ተባለ። ከዚያ ማማሰያው አንድ ነው ሁለት በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ብርቅነሽ ተነሥታ «ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ፤ ቀኑ ዓርብ ነው፣ እኛ እንጾማለን» አለች። ከዓርብ ሌላ የዕረፍት ቀን ያላት ሠራተኛ የለችም። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስርና ፉል ሆነ። ሽሮ ሃይማኖት የለውም። ማማሰያውም አንድ ሆነ።

ትልቁ ነገር ግን ፈቃዱ ነው። ያለ ተስሪሕ፣ ማለት ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ ሰው ሰብስቦ መዝፈን አይቻልም። እኔና ብርቅነሽ በሽርን ይዘን ወደ ቢሮው ሄድን። በሽር የከሚሴ ሰው ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዐማራት አንድ ግቢ ይጠብቃል። ዐረብኛው ከሁላችንም ስለሚሻል ለማስተርጎም ነው የመጣው።

«ሐፍላው የምንድን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«የማኅበር።»

«የማኅበሩ መዝገብስ?»

«አለ» አለች ብርቅነሽ፤ «ደብተር ነው፣ ቤት ትቼው መጣሁ።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ትሑት ሰው ነው፣ እውነቱን ልናገር። «እህቶቼ» አለ፣ «እኔ ዘንድ ያለው የሠርግ ወረቀት ነው። ለማኅበር ሐፍላ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማኅተም፣ ምናልባትም ሌላ ዓመት ያስፈልጋችኋል። ሠርግ ነው እንዴ?»

ብርቅነሽ በዚያ ድምፅዋ «አዎ፣ ሠርግ ነው!» አለች። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«ሙሽራው?»

ብርቅነሽ በጣቷ አሳየች። በሽር ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ዞረ። ግድግዳ ነበር።

«ሙሽሪትስ?»

ጸሐፊው የብርቅነሽን ግንባር አየ። መስቀሉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስሜን ጠየቀኝና ጻፈ። «መብሩክ!» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ያልሆነልኝ ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ውጭ ስንወጣ በሽር ላቡን ጠርጎ «ሬሕማ፣ እኔ እኮ ከሚሴ ሚስት አለችኝ» አለኝ።

«እኔም ላገባህ አላሰብኩም፣ አብሽር።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። ለማንኛውም ጀላቢያዬን አሳጥባለሁ።»

ቀኑ ጥር 3 ዓርብ ነው። ጥሪው ላይ «ሠርግ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለማኅበርተኞቹ እውነቱ በጆሮ ይነገራል። ውሸት መሆኑ ይከብደኛል፤ ግን ስድስት ሴት ሜዳ ላይ ስትወጣ ማየትም ይከብዳል። ለእትዬ ዘሃራ እንዳይነግሯት አደራ።

ቆርቆሮው አሥራ ሁለት የተባለውን አይቻለሁ።

ሬሕማ

*

ባቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ፣

ጉዳዩ፦ ማመልከቻን ስለመሳብ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ያለሽበት ቦታ ሁሉ ይመችሽ። ይህን ምርቃት አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲናገር እየሰማሁ ጽፌያለሁ። «አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ደረሰበት» ብሎ የጀመረ ሁሉ በመጨረሻ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርመው ራሱ ነው። ስለ ዐማራት ስትጽፊ ውሃው በቧንቧ እንደሚመጣ፣ ማታ የዶክተሩ ሚስት ሽቶ ኮሪደሩን እንደሚሞላው ትነግሪኝ ነበር። አሁን የምትነግሪኝ ጎህ ሲቀድ በርሜል ሲደበደብና ስድስት ሴት ለአንድ ጀሪካን ስትሮጥ ነው። የማያድርበት ሰው ይህን አይሰማም። ስለ ድመቷም ጠየቅሁሽ፤ መልስ የለም።

ከስድስቱ ሴቶች አንዷ ማን ናት ብዬ አልጠይቅሽም። እንዳልጠየቅሁሽ ይህ ደብዳቤ ምስክር ይሁን።

ለቆርቆሮ ያቀረብኩት ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ተስቧል። አሥራ ሁለቱም፣ አንዱም። ጣሪያው ደህና ነው። እንዲያውም ሣር ለእንቅልፍ ይሻላል፣ ዝናብ ሲመታው አይጮህም።

የሠርጉን ነገር ለአክስትሽ አልነገርኳትም። ስለ ሙሽራው ዕድሜ ግን በጆሮሽ ልንገርሽ፦ ስልሳ ሁለት ብዙ አይደለም፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

አጎትሽ ኢሳ

*

ማዮ፣ ካርቱም፣ ጥር 7 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

አሏህ የማያልቅ ትዕግሥት ሰጥቶዎታልና እሱኑ ያቆይልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሐፍላው ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ለማንበብ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ውጭ ወጥቼ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ሻጩ አላስነሣኝም።

የጻፉት ልክ ነው። የዶክተሩ ቤተሰብ በሰኔ ጓዙን ጠቅልሎ ጅዳ ገባ። በደህና ነው የተለያየነው፤ አልቅሳ ነው የሄደችው፣ ድመቷንም ይዛ። ከዚያ ወዲህ ስንት በር አንኳኳሁ። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ይላሉ፤ እነግራቸዋለሁ፤ «እንደውልልሻለን» ይላሉ። ስልክ እንደሌለኝ አይጠይቁም። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበርኩ፤ ለሌሎች ብዬ ያሰናዳሁት ፍራሽ ላይ ራሴ እተኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያልነገርኩዎት አፍሬ ነው። ይኸው አሁንም እያፈርኩ ነገርኩዎት።

አሁን ስለ ሐፍላው።

ሰው መጣ። እግዜርም አሏህም ይመስገን፣ ብርቅነሽ እንዳለችው፣ ከጠበቅነው እጥፍ መጣ። በሽር ጀላቢያውን አሳጥቦ ብቻ አይደለም፣ ሽቶም ተቀብቶ ነበር። እኔን ሐጃ ሉጥፊያ በእጃቸው ሂና ቀቡኝ። ስለ እውነቱ የነገራቸው አልነበረም፤ ጎረቤት ናቸው፣ ጥሪው ደርሷቸዋል፣ ሠርግ ነው ብለው መጡ። እኔ እግሬን ዘርግቼ «ሐጃ፣ ይተው» እላለሁ፣ እሳቸው «ዝም በይ፣ ሙሽራ አይናገርም!» ይሉኛል። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ነገር ዝም ብዬ አላውቅም።

ብርቅነሽ ንግግርዎን አነበበች። አማርኛ የማይሰሙት ሱዳናውያን ጎረቤቶች የጋብቻ ምርቃት መስሏቸው «አሚን፣ አሚን» ይላሉ። «አራቱን ግድግዳ ነው የምንለምነው» ስትል ሐጃ ሉጥፊያ ዕንባቸውን ጠረጉ። ገንዘቡን የጠየቅነው የክፍሉን ባለቤት ራሳቸውን አስለቅሰን ነው።

ከዚያ ስጦታ ይቀርብ ተባለ። አጎቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ልበል።

ለማኅበርተኞቻችን ሁሉ «ሠርጉ የይስሙላ ነው፣ ገንዘብ ይዛችሁ ኑ» ብለን በጆሮ ነግረናል። እያንዳንዷ ግን በልቧ እንዲህ አለች፦ «ሁሉም ገንዘብ ብቻ ይዞ ከመጣ ጎረቤት ይጠረጥራል። ቢያንስ እኔ እውነተኛ ስጦታ ልያዝ፤ ገንዘቡን ሌሎቹ ያመጡታል።» ሁሉም ሌላው ያመጣል ብለው ነው። የማዮ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሠርግ ሠርግ የሚመስል፣ በቀይ ጥብጣብ የታሰረ፣ ዋጋውም የማይጎዳ አንድ ዕቃ ነው ያለው፤ የሻይ ብርጭቆ። አንዷ መጥታ አንድ ደርዘን አስቀመጠች። ሁለተኛዋ መጣች፣ ደርዘን። አምስተኛው ላይ ብርቅነሽ ዓይኔን ማየት አቆመች። ሃያ ሁለት ደርዘን ሆነ። አንዱ ደርዘን የሐጃ ሉጥፊያ ነው።

ማኅበርተኞቹ ለምግቡ በጓዳ የከፈሉት ለሽሮውና ለድንኳኑ ሆነ። ጨረታውን ጎረቤት ፊት ማድረግ አልተቻለም፤ በሠርግ ላይ ምን ይጫረቱታል? ሙሽራውን? የሽንኩርት ነጋዴውም መጥቶ ነበር። ባዶ እጁን መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሽሮ አስጨመረ፣ ክፍሉን በዓይኑ ለካና ሄደ።

ሲያበቃ ሐጃ ሉጥፊያ ጆሮዬን ስመው «የቤቱን ነገር እርሺው» አሉኝ። «ሙሽራ አርባ ቀን ሳይሞላት ከቤቷ አትወጣም። ነጋዴው ይጠብቅ።»

ስለዚህ እስከ የካቲት 13 አለን። በውሸት ያገኘሁት አርባ ቀን ነው። ጥያቄዬ ገንዘብ አይደለም፤ ምን ላድርግ?

ሬሕማ

*

ባቲ፣ የካቲት 1 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ፣

ጉዳዩ፦ የእምነት ክህደት ቃል

ሰላም። ፍራሽሽ ላይ የሚያሳርፍሽ አሏህ ነው፤ ፍራሹን ማን እንዳነጠፈው አይጠይቅም፣ አትፈሪ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም የምናዘዘው አለኝ። አክስትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እሷ እውነቱን ከጻፈች አንተም ጻፍ፣ አለዚያ እኔ በሰው አስጽፋለሁ» እያለችኝ ነው።

ጣሪያው ደህና አይደለም። በነሐሴ ወድቋል። እኛ ከዚያ ወዲህ የወንድሟ መጋዘን ውስጥ ከማሽላው ጋር ነው የምናድረው። ማሽላው ጥሩ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ቤተሰባችንን ተመልከችው፤ አንዱ ማዮ አንዱ ባቲ በሰው ቤት እያደረ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይባባላል።

አሁን የሆነውን ስሚ። ደብዳቤሽ ሳይደርስ ከካርቱም የመጣ አንድ ሾፌር ሰኞ ገበያ መሐል «ሬሕማ ተዳረች! በዓይኔ አየሁ፣ ሽሮውን በልቼ መጣሁ!» ብሎ አወራ። አክስትሽ እልል አለች። ጉልበቷን ረስታ ዘለለች። እኔ «ቆይ፣ ነገሩ…» ስል ማን ይሰማኛል? ጎረቤት ተሰበሰበ። «ለልጅቱ ስጦታ እንዳንልክ ሩቅ ነው፤ ለእናንተ ምን እናድርግ?» አሉ። አክስትሽ ሳትተነፍስ «ጣሪያ!» አለች።

በደቦ በአንድ ቀን ከደኑት። የሠርግሽ ስጦታ ነው፤ አዲስ ሣር፣ አዲስ ማገር።

ሌሊቱን አሰብኩ፣ ጠዋት ሁሉንም ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «እንግዲህ አናፈርሰው» አለ። አክስትሽም «የወጣ እልልታ አይመለስ» አለች። በዚሁ ተዘጋ።

ወሬው ከሚሴም ደርሷል ብዬ ስለሰጋሁ በአውቶቡስ ሄጄ የበሽርን ሚስት አስረዳኋት። ጥሩ ሴት ናት። «ተገላገልኩ» አለችኝ፤ «ያገባችውን ሴት አሏህ ይርዳት ብዬ ዱዓ እያደረግሁላት ነበር።»

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ በዘመኔ ለሌላ ሰው ብዙ ውሸት አሳምሬ ጽፌያለሁ፣ ብዙውም ረትቷል። የረታ ውሸት ግን ባለቤቱን በየመንገዱ ሲያስደነግጠው አይቻለሁ። አርባው ቀን ሳይሞላ ለሐጃ ሉጥፊያ ንገሪያቸው። ሂና የቀባሽ እጅ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት።

ቢያስወጡሽ፣ ከማሽላው አጠገብ ሳይሆን አሁን ከጣሪያ በታች ቦታ አለን። ነይ።

አጎትሽ ኢሳ

*

ማዮ፣ ካርቱም፣ የካቲት 26 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኢሳና ለእትዬ ዘሃራ፣

በአዲሱ ጣሪያ ሥር ያለ ሰላም ሁሉ የእናንተ ይሁን። እንኳን ለዐረፋ አደረሳችሁ።

ደብዳቤው በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ደረሰኝ። ሻንጣዬን ሸከፍኩ፣ ከዚያ ወደ ሐጃ ሉጥፊያ ግቢ ሄድኩ። ባሚያ ይቀነጥሳሉ።

«ሐጃ፣ እኔ ሙሽራ አይደለሁም» አልኳቸው።

«አዎ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረሽ። ከዚያ እንደኛው ነሽ።»

«መጀመሪያም አልነበርኩም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢሮውን፣ በሽርን፣ ክፍሉን። እጃቸው ባሚያው ላይ ቆመ።

«በሽር ባልሽ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እኔም አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሲል አላየሁትም። ዘመናዊ ናቸው ብዬ ነበር።» ቀጥለውም «ያ ምርቃትስ? ያስለቀሰኝ?» አሉ።

«አጎቴ የጻፉት ነው። ስለ ኪራይ ነው።»

«ስለ ማን ኪራይ?»

«ስለ እርስዎ።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ኸላስ፣ አለቀ አልኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሻንጣዬን ማን እንደሚሸከምልኝ አስብ ነበር። ሐጃ ቁርጥራጭ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ወጡ።

«ብርጭቆው ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ስልሳ አራት። አንዱ ተሰብሯል፤ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት።»

«ለልጄ ሠርግ ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ። ብርጭቆ በኪራይ፣ ሻይ አፍይ በኪራይ፣ አሳላፊ በኪራይ። ያን የዓመት ኪራይ ባንድ ጊዜ አምጡ ያልኳችሁ ለምን ይመስልሻል? ልበላው ነው?» ወረቀቱን ሰጡኝ። «ስድስታችሁ ብርጭቆውን ይዛችሁ ኑና ሻዩንና ምግቡን ያዙልኝ። ኪራዩን በየወሩ ትከፍላላችሁ።»

«ነጋዴውስ?»

«የቱ? ያ በሰው ሠርግ ባዶ እጁን መጥቶ ሁለት ጊዜ የበላው?» አሉና ባሚያቸውን ቀጠሉ። ልወጣ ስል ጠሩኝ፤ «ለሰፈሩ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ ነኝ ሂና የቀባሁሽ፣ እኔ ልሳቅበት? ሰው እስኪረሳው ሙሽራ ነሽ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሻንጣዬን ፈታሁ። ብርቅነሽ «ምን አሉ?» ብትለኝ «ብርጭቆ እጠቢ» አልኳት።

ሠርጉ ባለፈው ዓርብ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ለሁለት መቶ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ድስቱ ላይ ነበርኩ። ከእንግዶቹ አንዲት ሴትዮ ወጡን ቀምሳ ለእህቷ ሠርግ ያዘችን፤ ትናንት ደግሞ ሌላ ሰው ለክርስትና መጣ። ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ስንት ብርጭቆ እንዳለን ነው።

አዲሷ ሙሽራ፣ የሐጃ ምራት፣ ማጠቢያው ድረስ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። እኔንም እንደሷ አዲስ ሙሽራ አድርጋ ነው የምታየኝ። «ትዳር መጀመሪያ ላይ ከበደሽ?» አለችኝ። «ባል ዐማራት የሚያድር ዘብ ከሆነ አይከብድም» አልኳት። አሰበችበት።

በሽር ለሚስቱ ስለነገሩለት ያመሰግንዎታል። ዱዓውን ሲሰማ ግን ትንሽ ከፍቶታል።

ወደ ቤት ነይ ስላሉኝ አሏህ ያክብርልኝ። እመጣለሁ፤ ግን ሰው ሊጠይቅ እንደሚመጣ ሰው፣ መሄጃ እንዳጣ አይደለም።

አንድ ነገር ላክልና ልዝጋ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ እንግዳ መጣብን። ሐጃ ሉጥፊያ ደፉ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ከሠርጉ ወዲህ የሚጠጡት እኛ ዘንድ ነው። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች፣ ሙኒያ ትባላለች፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ከገዳሪፍ በጭነት መኪና ነው የመጣችው፣ ሻንጣዋ በገመድ ታስሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። «እዚህ ሥራ ለሌላት ሴት ማደሪያ አለ ብለውኝ ነው» አለች። እኔ ስድስቱን ፍራሽ በልቤ እየቆጠርኩ፣ የቱን ከየቱ አጠጋለሁ ስል፣ ሐጃ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንቺም ሙሽራ ነሽ?» አሏት።

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ አይደለሁም፣ ሐጃ! ወላሂ ሥራ ፈልጌ ነው!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጃ፣ ከደፉ ትንሽ ፈቀቅ ብለው። «ያላ፣ ግቢ።»

ሬሕማ